ፈረሶቹ ሲዞሩ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከፋ። በሐምሌ ድንቹን በሽታ መታው፤ ቅጠሉ በሦስት ቀን ጠቆረ። በነሐሴ መጨረሻ በረዶ ወርዶ ገብሱን አስተኛው። በመስከረም መንገድ ተዘጋ፤ ከጫግኒ የሚመጣው በቆሎ ቀረ፣ ጨው ተወደደ። ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል፤ መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ተመስገን ይባላል። በጥቅምት ፈረሶች ማሳል ጀመሩ። ዘንገና አካባቢ ሦስት ፈረስ የነበረው አንድ ቀረው፣ ሁለት የነበረው ባዶ እጁን ቀረ። በኅዳር ለቀብር የወጣ ሰው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ዘር ያወራ ነበር።

ይኸነው ገበየሁ ይህን ሁሉ ቆሰበር ከተማ ተቀምጦ አየው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሃያ አንድ ዓመት በወታደር ቤት የሙዚቃ ክፍል ክላርኔት ነፍቷል። ክላርኔቱ የመንግሥት ስለነበር ሲወጣ አስረክቦ ወጣ። የቀረው ጡረታው፣ የሚያመው ጉልበቱና አይጥ ጠርዙን የበላው አንድ ደብተር ነው። ብዙ አይናገርም። የከተማው ሰው ስለ እርሱ የሚያውቀው የአንድ ማርሽ፣ የሰልፍ ዜማ፣ ደራሲ መሆኑን ነው። ይህ ሲነሳ እርሱ ተነስቶ ይሄዳል።

ማርሹን የደረሰው እርሱ አልነበረምና ነው።

የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት ለፈቃድ መጥቶ ዘንገና ከወገኔ አውድማ ዳር ተቀምጦ ነበር። ወገኔ አብሮ አደጉ ነው። አራት ፈረስ አቆራኝቶ ገብስ እያበራየ ይዘፍናል። ቃሉ በአካባቢው ቋንቋ በአውኛ ነው፤ ዜማውን ያወጣው ራሱ ወገኔ ነው። ይኸነው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ በኖታ ጻፈው። ጦሩ ዘንድ ሲመለስ ማርሽ አደረገውና ስሙን ጻፈበት። አዛዡ ወደደው፣ ሬዲዮ አስተላለፈው፣ ይኸነው ሃምሳ አለቃ ሆነ። በዚያው ወር የሙዚቃ ክፍሉ ግማሽ ጠመንጃ ተሸክሞ ወደ ግንባር ሲላክ አዛዡ በጣቱ አመለከተና፣ “ይሄ ይቅር፤ ደራሲ ነው” አለ። ከሄዱት አስራ አራት ሰዎች የተመለሰ የለም።

ወገኔ ማርሹን በጎረቤት ሬዲዮ ሰማው። ይኸነው በሚቀጥለው ፈቃድ ሊጠይቀው ሲሄድ አልተቆጣም።

“ውሰደው፤ እኔ ሌላ አወጣለሁ” አለው። “ግን ፈረሶቹን የት ጣልካቸው?”

“የምን ፈረስ?”

“የሚዞሩበትን ቦታ ቆርጠኸዋል። ስሙን ተወው። ፈረሶቹን መልስልኝ።”

“እመልሳለሁ” አለ ይኸነው።

ወገኔ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ሚስቱ ሽታዬ አለች።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ስማቸው የሚባል፣ ዳንግላ ውስጥ ማርሽ ባንድ የሚመራ ሰው ይኸነውን ፈልጎ መጣ። ጥር ሃያ ሦስት፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ፈረሰኞቹ ሜዳ ላይ ሲወጡ ያንን ማርሽ ሊነፋላቸው አስቧል።

“ኖታው አለዎት፣ ሃምሳ አለቃ?”

“አለ። በእርሳስ ነው።”

“የእጅ ጽሕፈት የኔ ነፊዎች አያነቡም። የታተመ ነው የለመዱት። እስከ ጥር ስምንት ካመጡልኝ እንነፋዋለን። ካልሆነ ሌላ እንይዛለን።”

ይኸነው ያን ቀን ምሳ አልበላም። ፈረሶቹ የሚዞሩበትን ቦታ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል፤ እርሱና ሽታዬ። ሁለቱም አርጅተዋል። ወረቀት ላይ ካልተመለሰ አይመለስም። ደብተሩን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ።

የሐሰን ልጅ ኢልሀም መናኸሪያው ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አባቷ በዚያው ቤት ጨርቅ ይሸጥ ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሁለት ልጆች አሏት፤ መብራት በመጣ ቀን የሦስት ቀን ሥራ ትሠራለች። ጓዳዋን ተከራይቶ የነበረ አንድ የሙዚቃ መምህር ሲሄድ በአሮጌው ኮምፒውተሯ ላይ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ትቶላት ነበር። አጠቃቀሙንም አሳይቷት ሄደ። እስካሁን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ጽፋበታለች።

“ፕሮግራሙ ኖታ በሥዕል አይቀበልም፣ ጋሽ ይኸነው” አለችው። “እርስዎ ይነግሩኛል፣ እኔ በፊደል እጽፋለሁ። ዶ ከሆነ ዶ፣ ሬ ከሆነ ሬ። ርዝመቱን በቁጥር። ጨርሼ ይህን ስጫን እሱ ራሱ መስመሩን አስምሮ፣ ኖታውን ደርድሮ ገጽ ያወጣል። ከተሳሳትን ደግሞ የመስመሩን ቁጥር ጠርቶ ይሳደባል።”

“ይሳደባል?”

“በእንግሊዝኛ ነው። አይሰማዎትም።”

ይኸነው አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“ደራሲው እርስዎ ነዎት፣ አይደል? ከላይ ላስገባ።”

መንገዱን አየ። አንድ ባጃጅ በሰው እየተገፋ ያልፋል፤ ቤንዚን የለም።

“ደብተሩ ላይ እንዳለው ጻፊው” አለ።

ማርሽ በሁለት ምት ይሄዳል፤ ግራ፣ ቀኝ። በሁለት ቋሚ መስመሮች መሃል ያለው ክፍል ሜዠር ይባላል፤ እያንዳንዱ ሜዠር ሁለት ምት ይይዛል። ኢልሀም አንድ ሜዠር በጻፈች ቁጥር በመጨረሻው ጭረት ታደርጋለች፤ ፕሮግራሙም ጭረቱ ላይ ሲደርስ ይቆጥራል። እስከ አስራ ስድስተኛው ሜዠር ያለ ስድብ ሄዱ። ይኸነው እያንጎራጎረ ይነግራታል፣ ጫማው ወለሉን ይመታል። አስራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ደብተሩን ከደነና ወገኔ እንደሚለው አለው። ሶል፣ ላ፣ ሶል። ከዚያ ዝም።

“ስንት ልበል?”

“ሦስት ምት ዕረፍት በይ። ሦስት ይመስለኛል።”

ጻፈችና ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመሮች ወረዱ።

“አስራ ሰባት ላይ ተርፎኛል ይላል። አስራ ስምንትም። ሁሉም!”

ገጹ ወጣ። ከአስራ ሰባት በታች ያለው ሁሉ እንደ ወደቀ አጥር ተንጋዷል። ጠንካራው ምት ደካማው ቦታ፣ ደካማው ጠንካራው ቦታ ገብቷል። ኢልሀም ጭረቱን ወደ ፊት ወሰደችው፣ ወደ ኋላ መለሰችው። ዕረፍቱን ለሁለት ከፈለችው። በነካካችው ቁጥር ቀዩ ይበዛል። ከዚያ መብራት ሄደ።

አራት ቀን አልመጣም። በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ግማሽ ሰዓት ቆየና ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ሲመጣ በሩ ላይ አስር ሰው ተሰልፎ ነበር፤ መታወቂያ፣ ማመልከቻ፣ የእድር ደብዳቤ። ይኸነው ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው ከሰዓት ሆኗል። ጉልበቱ ከመቀመጥ ብዛት ደርቋል። ኢልሀም ዓይኗን አሸች።

“እንደገና እንሞክር?”

ሞከሩ። አስራ ሰባት። እንደገና፤ አስራ ሰባት። ከኋላቸው አንድ ሰው፣ “ሃምሳ አለቃ፣ ጦርነቱ ገና አላለቀም እንዴ?” አለና ሌሎቹን አሳቀ።

“ቁረጪው” አለ ይኸነው።

“ምኑን?”

“ዕረፍቱን። ሁለት ምት እንዲሞላ አድርጊው።”

ቆረጠችው። ተጫነች። ቀይ የለም። ገጹ ወጣ፤ እንደ መጽሐፍ የጠራ፣ ኖታው እንደ ሰልፈኛ የቆመ። ፕሮግራሙ የትሮምፔቱን ድርሻ ለመሣሪያው እንዲስማማ አንድ ድምፅ ከፍ አድርጎ ለብቻው አወጣው፣ የክላርኔቱንም፣ የባሱንም። በወታደር ቤት ይህ ሥራ ሳምንት ይፈጅበት ነበር።

“ስሕተት የለበትም” አለችው ደስ ብሏት።

ወረቀቱን ተቀበለ። በማግሥቱ ወደ ዘንገና ሄደ። እስከ አስፋልቱ ዳር በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሩ። መኪና ያሳልፍ የነበረው መንገድ በዝናብ ተበልቷል። ሁለት ጊዜ ቁጭ ብሎ አረፈ።

ሽታዬ ከቤቷ ደጃፍ ዘር ገብስ ትለቅማለች። ዓይኗ ደክሟል፤ የምትለየው በጣቷ ነው። በረዶ የመታውን ትጥላለች። ከጀርባዋ አንድ ቡላ ፈረስ ታስሯል፤ አምና ከነበሯት አራት ፈረሶች የተረፈ።

“ማን ነው?”

“እኔ ነኝ፤ ይኸነው።”

“አያ ይኸነው! በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው? ጉልበትህ ዳነ?”

“አልዳነም።”

“ታዲያ ምን አመጣህ? ከፋ እንዴ?”

አልከፋም አላት። ወረቀቱን እጇ ላይ አደረገላት። የወገኔ ዜማ ነው፣ ታተመ፣ ፈረሰኞቹ ሜዳ ላይ ሊነፋ ነው አላት። ወረቀቱን ዳሰሰችው፣ አሸተተችው።

“እኔ ማንበብ የት አውቄ! በልልኝ እስቲ።”

አለላት፤ ያለ ቃል፣ በጉሮሮው ብቻ። እግሩ መሬቱን ይመታል። ጨረሰ። ሽታዬ ገብስ መልቀሟን ቀጠለች።

“ዛሬም ወታደር ነህ?” አለችው።

ይኸነው ይመታ የነበረውን እግሩን ሰበሰበ።

“ሬዲዮው የሚለውን ነው ያልክልኝ። ያን ሬዲዮ ሲሰማ ወገኔ ምን ነበር ያለው? እኔ ነበርኩ አጠገቡ። ፈረሶቹ ገደል ገቡ አለ። ሳቀ። ከዚያ ማታ እራት አልበላም።”

“ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ።”

“ማን ነው እሱ?”

“የሚጽፈው ነገር። ቁጥር ይፈልጋል። እኔም ስንት እንደሆነ በትክክል ጠፍቶኛል። ሦስት ይመስለኝ ነበር።”

“ምኑ ነው ሦስት?”

“ዝም የሚባልበት።”

ሽታዬ ሰፌዱን አስቀመጠች። ክንዱን ይዛ ተነሳች፣ ፈረሱን ፈታችው፣ ሁለቱም እየተደጋገፉ ወደ አውድማው ሄዱ። ዘንድሮ የሚወቃ አልነበረም፤ አውድማው ሳር አብቅሏል። ፈረሱን በረጅም ገመድ ከምሰሶው አሰረችውና አዞረችው። ፈረሱ ሥራውን ያውቃል። ገመዱ በየዙሩ በምሰሶው ላይ እየተጠመጠመ ያጥራል፤ ሲያጥር ወደ ሌላው ጎን መመለስ አለበት። ሽታዬ ዘፈነች። ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል፤ ዜማው ግን ያው ነው። ገመዱ ሲያጥር ድንገት ዝም አለች። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፣ ቀስ አለ፣ አንገቱን መለሰ፣ ሰውነቱን አዞረ። ፊቱ ወደ ሌላው ጎን ሲሆን ቀጠለች።

ይኸነው በእግሩ ይቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ሦስት። በሁለተኛው አምስት። በሦስተኛው ከአራት ይበልጣል፣ አምስት አይሞላም።

“ስንት ነው ታዲያ?” አላት።

“እኔን ትጠይቀኛለህ? እሱን ጠይቀው” አለችና ወደ ፈረሱ ጠቆመች። “እየዘፈንክ ከሆነ አይዞርም። ዝም ስትል ያውቃል። እስኪዞር ትጠብቃለህ፣ ሲዞር ትቀጥላለህ። ወገኔ መቼ ቆጥሮ ያውቃል!”

ይኸነው ምሰሶው ሥር ተቀመጠ። አርባ ሁለት ዓመት ቁጥር ሲፈልግ ኖሯል። ሦስት ነው፣ አራት ነው እያለ በአልጋው ላይ ጣሪያ እያየ ቆጥሯል። ቁጥር አልነበረውም።

“ሽታዬ” አለ። “ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የኔ ነው።”

ፈረሱን እያሰረች ነበር። ቋጠሮውን አጠበቀች።

“ይህንንስ ማን አጣው” አለች። “አሁን ሂድ፤ ሳይመሽብህ። ጉልበትህን በቅቤ እሸው።”

ጥር ስድስት ቀን መብራት መጣ። ኢልሀም ይኸነውን በሩ ላይ ስታየው ትንፋሽዋን ለቀቀች።

“ደግሞ አስራ ሰባት እንዳይሉኝ።”

“አስራ ሰባት ነው።”

“ያ ረቢ!”

“ቁጥር የሌለው ዕረፍት ይቻላል ወይ?”

“ይህ ፕሮግራም ቁጥር ካልሰጡት አይተነፍስም፣ ጋሽ ይኸነው።”

“ያ መምህር የተወው ጽሑፍ የለም?”

ነበረ። መምህሩ መመሪያውን በወረቀት አትሞ ትቶላት ነበር፤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ ግን ወረቀት ባጠረ ጊዜ ማሽኑን ትሞክርበት ነበር። ከጠረጴዛው ሥር አወጣችው። በአንዱ ጀርባ የሰው መታወቂያ፣ በሌላው ግማሽ የመሬት ካርታ፣ በሌላው የአንድ ሙሽራ ጉንጭ አለበት። እርሷ እንግሊዝኛውን ታነባለች፣ እርሱ የኖታ ሥዕሎቹን ያያል። ሰው ሲመጣ ታቆማለች፣ ኮፒ ታደርግለታለች፣ ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ይኸነው በአንድ ወረቀት ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሥዕሉ ላይ አንድ ሜዠር ከሌሎቹ በላይ ተንዘርፍፎ ነበር፤ ከሥሩ ያሉት ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል።

“ይሄን አንብቢልኝ።”

አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“መቁጠር አቁም የሚል ትእዛዝ አለው” አለች ቀስ ብላ። “ከዕረፍቱ በፊት ይጻፋል። ከዕረፍቱ በኋላ ደግሞ መቁጠር ጀምር ይባላል። ያ ረቢ! ይህን ያህል ቀን አጠገባችን ተቀምጦ! ጀርባው ላይ የአንድ ነጋዴ መታወቂያ ነው።”

ጻፈችው። ከዕረፍቱ በላይ ግማሽ ክብ ውስጥ ነጥብ ያላት፣ ዓይን የምትመስል ምልክት አስገባች። ይኸነው ያውቃታል፤ ጠብቅ ማለት ናት። በማርሽ ላይ ተጽፋ ግን አይቶ አያውቅም። ተጫነች። ቀይ የለም። አስራ ስምንትም፣ አስራ ዘጠኝም፣ እስከ ታች ቀጥ ብሏል።

“ከዓይኗ በላይ ጻፊበት” አለ። “ፈረሶቹ እስኪዞሩ።”

ጻፈች። ገጹ ላይ ግን በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ወጡ። ኢልሀም ሳቀች። “ይህችን እንኳ እችላታለሁ” አለችና የሰርግ ካርድ የምትጽፍበትን የፊደል ዓይነት ስም ጨመረችበት። ሳጥኖቹ ጠፉ። ቃሉ እንደ ሙሽራ ስም ተሽሞንሙኖ ተቀመጠ።

“አሁን የላይኛውን ስም አጥፊ።”

ቀና ብላ አየችው።

“ወገኔ አወቀ በይ። ከሥሩ ዘንገና በይ።”

“እርስዎንስ የት ላድርግ?”

“የትም።”

“ከልጅነቴ ጀምሮ የእርስዎ ማርሽ ሲባል ሰምቻለሁ።”

“እኔም ሰምቻለሁ” አለ። “ጻፊው።”

የባንዱ መሪ ስማቸው ጥር ስምንት ቀን ወረቀቶቹን ተቀብሎ በቆመበት አነበባቸው። አስራ ሰባት ላይ ሲደርስ ቅንድቡ ተሰበሰበ።

“ይሄ ምንድን ነው፣ ሃምሳ አለቃ? ስንት ምት ነው?”

“ቁጥር የለውም።”

“ከበሮ መቺዬ ምን ይቁጠር?”

“አይቁጠር። ፊት ፊት የሚሄደውን ፈረስ ይይ።”

“ሰው በተሰበሰበበት ባንዱ ዝም ብሎ ቢቆም የሚሳቅብኝ እኮ እኔ ነኝ!”

“ይሳቁ” አለ ይኸነው። “ሲስቁ እኔን አሳያቸው።”

ስማቸው ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተው።

ጥር ሃያ ሦስት ሜዳው ላይ ከአምናው ግማሽ የማይሞላ ፈረስ ወጣ። የወጡትም አጥንታቸው ይታያል፤ ጌጡ ግን አልቀረባቸውም። ይኸነው ሽታዬን ከአስፋልቱ ዳር ቤንዚን በተገኘለት ባጃጅ አምጥቶ ከዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። እርሱ አጠገቧ ቆመ። ከመድረኩ በድምፅ ማጉያው ተነገረ፤ ዜማው የወገኔ አወቀ፣ የዘንገናው። ሽታዬ ነጠላዋን አስተካከለች። ከኋላ አንድ ሰው፣ “የሃምሳ አለቃ አልነበረም እንዴ?” አለ።

“አልነበረም” አለ ይኸነው ሳይዞር።

ባንዱ ጀመረ። ፈረሰኞቹ ሜዳውን ይዘው ሄዱ። ይኸነው ሜዠሮቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ አስራ አምስት፣ አስራ ስድስት። ሶል፣ ላ፣ ሶል።

ዝም።

ሕዝቡ ተንጫጫ። “ትንፋሽ አለቀባቸው!” አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። ስማቸው እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ አንገቱ ላብ አወጣ። የይኸነው እግር ብድግ አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሊል። መልሶ መሬት አሳረፈውና መቁጠሩን ተወ። በሜዳው ጫፍ ፊተኛው ፈረስ ቀስ አለ፣ ጆሮውን አቆመ፣ አንገቱን መለሰ። የሳቀውም ሰው ዝም አለ። የኮቴ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ፈረሱ ዞረ፤ ከኋላው ያሉትም ዞሩ። ከበሮው ወረደ፣ ትሮምፔቶቹ ተቀበሉ።

ሽታዬ በደከመ ዓይኗ ወደ ኮቴው ድምፅ ዞራ ነበር።

“ተመለሱ” አለች።

“አዎ” አለ ይኸነው። “ቆዩብሽ።”